ርግቢቱን ያበላ አፍ

ጥሬ ስንዴ ባኘክሁ ቁጥር፥ ነጭ ወተቱ በምላሴ ላይ ሲወርድ፥ ያ የልጅነት ግራ መጋባቴ አብሮ ይመለስብኛል። ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርሁ። ቤታችን ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ገርጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፥ ዛሬ ፎቅ በፎቅ በሆነው፥ በደርግ ዘመን ግን ማሳና ባሕር ዛፍ ብቻ በነበረው ሰፈር ነበር። አውሮፕላን በጣሪያችን ላይ ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል፤ እኔም በደብራችን ቅጽር ውስጥ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት እደግም ነበር።

በፍልሰታ ጾም ዋዜማ ብርቱ በረዶ ጣለ። ሲያባራ ከቤተ ክርስቲያኑ ክፈፍ ሥር ላባዋ ገና ያልሞላ አንዲት የርግብ ጫጩት፥ ክንፏ ተንጠልጥሎ፥ ጭቃው ላይ ወድቃ አገኘሁ። በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኋት። እናቴ ካረጀ ነጠላ ቁራጭ ቀድዳ ክንፏን ከገላዋ ጋር አሰረችልኝ፤ ካርቶን ውስጥም ጭድ አነጠፍንላት። ክንፉ ተጠገነ፤ መብሉ ግን እንቢ አለ። ስንዴ ብንበትንላት አታየውም፤ ዱቄት በውኃ ብንበጠብጥላት ምንቃሯን ትገጥማለች። እናቴ በተወለደችበት አገር እንዲህ ያለች ጫጩት እንዴት እንደምታድግ አይታ ነበርና፥ ከቀበሌው ሱቅ በራሽን ካገኘነው ስንዴ ቆንጥራ ሰጠችኝ፤ አኝኬ ከከንፈሬ እንዳበላትም ነገረችኝ። እንዳለችው ባደርግ፥ ጫጩቷ ምንቃሯን እስከ ምላሴ አስገብታ፥ ደኅነኛ ክንፏን እያርገበገበች በላች። ላባዋ ዝናብ የመታው አቧራ ይሸት ነበር።

ጭንቁ በማግስቱ መጣ። የዕድሜ እኩዮቼ እንደሚያስታውሱት፥ በፍልሰታ እኛ ልጆች ቅዳሴ እስኪያልቅ እህል ውኃ ሳንቀምስ ቆይተን፥ ነጭ ለብሰን ተሰልፈን እንቆርባለን። እኔም በማለዳ ጫጩቷን አብልቼ ሄድሁ፤ ሰልፉ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ግን የስንዴው ጣዕም ከአፌ አልጠፋ አለ። ስንዴውን አልዋጥሁም። ምራቄንስ? ከሰልፉ ወጥቼ የኔታን ጠየቅኋቸው። ወደ አፍ የገባ ገብቷል፥ ዛሬ አትቆርብም አሉኝ። እንግዲያ ጫጩቷ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆይ እንደሆነ ብጠይቃቸው ደግሞ፥ ፍጥረትን በረኃብ መግደል የማን ጾም ነው ብለው ተቆጡኝ። ሁለቱንም ቃል ተሸክሜ ወደ ቤት ሄድሁ። ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ አብረው ግን አልሄድ አሉኝ። መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል ሲወርድ የሚያሳየውን ሥዕል እየተሳለምሁ ያደግሁ ልጅ፥ ርግቢቱን አስርቤ ልቁረብ ወይስ አብልቼ ልቅር? ሌላ ሰው እንዳያኝክላት፥ በቤታችን ጥርስ ያለው ሁሉ ጾመኛ ነበር።

በማግስቱ ሳላበላት ሄጄ ቆረብሁ። ስመለስ አንገቷን ደፍታ፥ ዓይኗ በግማሽ ተከድኖ አገኘኋት። እንደ ምንም አኝኬ አተረፍኋት፤ ሌላ እንዲህ ያለ ቀን እንደማትችል ግን ልጅም ብሆን ገብቶኛል።

በግቢያችን ጥግ ባለችው ክፍል ጓድ ሽፈራው የሚባል ካድሬ ቀበሌው አስገብቶት ይኖር ነበር። ዘወትር ካኪ ይለብሳል፤ እግዚአብሔር የለም ብሎ በስብሰባ ሲናገርም ሰፈሩ ሁሉ ሰምቶታል። ቤተ ክርስቲያን መመላለሳችንን እንዳይቆጥርብን ስለምትፈራ፥ እናቴ ስታየው ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። በማግስቱ ማለዳ ካርቶኑን ታቅፌ ሳለቅስ ያገኘኝ እርሱ ነው።

«ምን ሆነህ ነው፥ ዲያቆን?» አለኝ። ዲያቆን የሚለኝ ሊያሾፍብኝ ነበር። ከፍርሃቴ የተነሣ አንድ ሳላስቀር ነገርሁት።

«አንተ ልትቆርብ ብለህ እሷ ጦሟን ትዋል?»

ካርቶኑን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ።

«በል ስንዴውን ወዲህ አምጣ። እኔ እንደሆንሁ ቁርሴን በልቻለሁ።»

ቁጢጥ ብሎ አኘከና ከንፈሩን አቀረበላት። ጫጩቷ ሳታመነታ ምንቃሯን ሰደደች። እናቴ በራፉ ላይ ቆማ፥ አፏን በእጇ ይዛ አየች። ከዚያ ወዲያ ግን፥ ጥሬ ያኘከ አፍ ይደርቃል ብላ ይመስለኛል፥ በየማለዳው አንድ ብርጭቆ ሻይ በመስኮቱ ደፍ ላይ ታስቀምጥለት ጀመር። እኔም እየቆረብሁ ሰነበትሁ።

ልቤ ግን አላረፈም። እግዚአብሔር የለም ከሚል ሰው አፍ የምትበላ ርግብ ትረክስ እንደሆነ የኔታን ጠየቅኋቸው። ጭራቸውን ከጉልበታቸው ላይ አሳረፉ።

«ጠግባለች?» አሉኝ።

«አዎን፥ የኔታ።»

«እንግዲያ ዳዊትህን ድገም።»

ጾሙ ሲፈታ እንደ ቀድሞው ላበላት ስንዴ አኝኬ ቀረብሁ። ርግቢቱ ግን ከንፈሬን ትታ፥ እየዘለለች ወደ እርሱ በር ሄደች። ዓይኔ እንባ ማቅረሩን ያየው ጓድ ሽፈራው ሳቀ። «እኔ ቅስቀሳ አላደረግሁባትም፥ ዲያቆን፤ በራሷ ነቅታ ነው» አለኝ። ቁርባኑን አገኘሁ፥ ርግቢቱን አጣሁ፤ ደስ ይበለኝ ወይስ ይክፋኝ አላወቅሁም።

መስከረም ሳያልቅ አንድ ቀን በቀትር ላንድሮቨር መጣ። ጓድ ሽፈራው ጓዙን ሳይዝ፥ በሁለት ጠብመንጃ በያዙ ሰዎች መካከል ተቀምጦ ሄደ። እኩሉ ወደ ጦር ግንባር ተላከ አለ፤ እኩሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሌላ አወራ። እኛን የሚነግረን አልነበረም። እናቴ ለጥቂት ቀናት ሻዩን ማስቀመጧን አልተወችም። ክንፏ የዳነው ርግብም መስኮቱ ላይ እያረፈች ስትጠብቅ ሰነበተች፤ ኋላ ከመሬት መልቀም ለመደችና አንድ ማለዳ አጣናት። ከደብሩ ርግቦች መካከል ብፈልጋት፥ ሁሉም እሷን መሰሉብኝ።

ዛሬ በማሳው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል፤ እኔም በዚያው ደብር እያገለገልሁ ሸምግያለሁ። በፍልሰታ ነጭ የለበሱ ልጆች መጥተው፥ ጥርሴን ስቦርሽ ውኃ ወረደብኝ፥ ልቁረብ ወይ ይሉኛል። ሥርዓቱን አውቀዋለሁና ነገ ትቆርባለህ ብዬ እመልሳለሁ፤ ይህ አይቸግረኝም። የሚቸግረኝ በቅዳሴ ጊዜ ነው። ጓድ ሽፈራውን ስለ ሕያዋን ሲጸለይ ላስበው ወይስ ስለ ሙታን፥ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። የክርስትና ስሙንም ሳልጠይቀው ቀረሁ። ስለዚህ በሁለቱም ጊዜ አንገቴን ደፍቼ፥ «ያን ርግቢቱን ያበላውን አስበው» እላለሁ።