ዋስ ያልተጠራለት ኮምፒውተር

መቼ እንደነበር በትክክል አላስታውስም። ጤፍ ሊዘራ ጥቂት ቀን የቀረው ሰሞን እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ ቦራው በሬዬ በዚያ ሰሞን ከቀንበር ተፈትቶ ወደ ገበያ መነዳቱን የምረሳው አይደለም።

የመጨረሻው ልጄ ፍኖተ ሰላም ያለችውን ቤታችንን፣ የመንገድ ዳሯን ክፍል ጌም ቤት አድርጓት ነበር። ሚስቱንና ልጁን የሚያሳድረው በዚያችው ነው። ጎረምሶች ይመጡና ኮምፒውተር ላይ ተደፍተው መኪና ሲነዱ ይውላሉ። የት ሊደርሱ እንደሆነ ጠይቄ የመለሰልኝ የለም።

ያን ሰሞን አዲስ የመኪና ጨዋታ ሊወጣ ነው ተባለ። ገና አልወጣም፤ ያየውም የለም። ምን ዓይነት ኮምፒውተር እንደሚፈልግ የማያውቅ ሰው ግን ከከተማው ጠፋ።

«አሥራ ስድስት ራም ካላገኘ አይነሳም» ይላል አንዱ።

«ምን አሥራ ስድስት፣ ሠላሳ ሁለት እንጂ» ይለዋል ሌላው።

ራም ማለት ማሽኑ የያዘውን ሥራ እንዳይረሳ የሚያደርገው ነው አሉኝ። እነሱ ስንት ራም እንዳላቸው አልጠየቅኋቸውም።

ልጄ ግን እንቅልፍ አጥቷል። ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጌም ቤት ተከፍቶበታል። «አባባ፣ አዲሱን ጨዋታ እሱ ቀድሞ ካስገባና የኔ ማሽን ካልቻለው፣ እኔ የቤቴን በር መዝጋቴ ነው» አለኝ። የሚሸጥ ነገር ደግሞ ከቦራው በሌላ አልነበረንም። ቦራው ከሄደ ጤፌን በምን እዘራለሁ? ጓደኛው ቀዩ በሬ ብቻውን አያርስም።

ይህን ስናሰላስል ከቡሬ አንድ ኮምፒውተር ሻጭ መጣ። መነጽሩን አናቱ ላይ ሰክቷል፤ ዓይኑ ግን ባዶ ነው። ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያብለጨልጭ ሳጥን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና «ይሄ አዲሱን ጨዋታ እንደ ላባ ነው የሚሸከመው» አለ።

«ጨዋታውን አይተኸዋል?» አልኩት።

«አላየሁትም አባባ። ግን ልምድ አለኝ፤ ገና ሳይወጣ ይታወቀኛል።»

እኔ ዕድሜ ልኬን ሳርስ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የሚመጣው ክረምት እንዴት እንደሚከርም ዛሬም አላውቅም። ይህ ሰው ፈረንጅ አገር ያሉ ሰዎች ገና ያልጨረሱትን ቡሬ ቁጭ ብሎ ጨርሶታል።

«ዋስህ ማነው?» አልኩት። በሬ ስንገዛ ሻጩ ዋስ ይጠራል፤ ወስደን ጠምደን እናየዋለን፤ ከተኛ ይመለሳል።

«አባባ፣ ይሄ እኮ በሬ አይደለም» ብሎ ሳቀ። ጎረምሶቹም አብረው ሳቁ። ልጄ መሬት መሬቱን አየ።

«እንግዲያስ ዋሱ ይቅርና ጠምደህ አሳየኝ» አልኩት።

እዚህ ላይ ነው የተሞኘሁት። ሰውየው የድሮውን የመኪና ጨዋታ ከፈተ። መኪናው በረረ፤ አቧራው ሳይቀር ይታያል። ጎረምሶቹ አጨበጨቡ። እኔም ጥሩ በሬ ትልም ሲያወጣ ያየሁ መሰለኝና እሺ አልኩ። የሰውየውን ንቀት ያህል የራሴንም ችኮላ እንቀዋለሁ።

ቅዳሜ ቦራውን ይዤ ወደ ገበያ ስወርድ፣ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት ከደጇ ቁጭ ብላ አንዱን ማሽን ፈታታ ትጠርጋለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«አባባ፣ በዘር ሰዓት በሬ ወደ ገበያ? ምን ገጥሞዎት ነው?»

ነገርኳት። «ደግሞ ጠምደን ፈትነነዋል» አልኩ፣ እንዳትስቅብኝ።

«በየትኛው ጨዋታ?»

«በድሮው።»

መጥረጊያዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ አሸዋ ማሳ ላይ የፈተኑትን በሬ የሚያጣብቀውን ዋልካ አፈር ይችላል ብለው ይገዛሉ?»

ገመዱን ይዤ ቆምኩ። «አዲሱ ታዲያ ምን ይፈልጋል?» አልኳት።

«አላውቅም» አለች።

ያን ሰሞን ይህን ቃል ከሰው አፍ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ከድሮው እንደማያንስ እገምታለሁ፤ ከዚያ በላይ ስንት እንደሚፈልግ ሠሪዎቹ ሊወጣ ሲል ራሳቸው ይጽፉታል። እስከዚያ የሚወራው ወሬ ነው። የልጅዎን ማሽን ግን ልየው።»

ቦራውን መለስኩ። እሷም መጥታ የልጄን ማሽን ከፍታ አየችው። ባዶ የሆኑትን ቦታዎች በጣቷ እያሳየች «ይሄ ገና የሚጨመርበት ቦታ አለው። ዝርዝሩ ሲወጣ የጎደለውን ብቻ አስገባለሁ» አለችው።

«ባይችልስ?» አለ ልጄ።

«ያስገባሁትን ነቅዬ እወስዳለሁ። ዋስ ካስፈለገም ባለቤቴን ጥሩት፤ አባባ ያውቁታል።»

ልጄ እኔን አየኝ። እኔም የማውቀው ሰው ነው አልኩ። ለመጠበቅ ተስማማ፤ የቡሬውንም ሰው ሳጥኑን እንዲወስድ አልነው።

ጤፉን በቦራውና በቀዩ ዘራሁ። ጨዋታው አዝመራው ሊሰበሰብ ሲል ወጣ። ራሙ የልጄ ይበቃል ተባለ፤ የጎደለው ጨዋታው የሚቀመጥበት ፈጣን ማስቀመጫ ኖሯል፤ ከነዚያ ሁሉ አዋቂዎች አንዱም ስሙን አላነሳውም። ሴትዮዋ አንድ ቀን ዘግይታ አስገባችው፤ ጨዋታውም ተነሳ። የቡሬው ሰው ሳጥን ከመንገዱ ማዶ ላለው ጌም ቤት ተሸጦ ነበር፤ መብራቱ ያምራል፤ ጨዋታው ግን መሀል ላይ ይቆማል አሉ። ሰውየው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «አላልኩም አባባ? ማስቀመጫው ነው ብዬ ነበር» አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብዬው አለፍኩ።

ልጄ በሩን አልዘጋም፤ ቦራውም በረት ውስጥ አለ። ያን ክረምት ያሻገረችኝ ያቺ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የምትጠግን፣ አላውቅም ማለት የማያሳፍራት ሴት ናት።