የሐዋ ጆሮ

ባለፈው ሳምንት ልጆቼ በሚያዩት ቴሌቪዥን ላይ፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ከአንድ ተራራ አናት ጥቁር ጭስ ሲትጎለጎል፣ አመዱም በቤቶች ጣሪያ ላይ እንደ ዱቄት ሲወርድ አየሁና የያዝኩትን ሽንኩርት ሳልከትፍ ቆሜ ቀረሁ። በዓይኔ የመጣው ግን ደሴቱ አልነበረም፤ አሶሳ፣ በቀርከሃ የታጠረው ትምህርት ቤታችንና ከጎኔ ትቀመጥ የነበረችው ሐዋ ናቸው።

ክልሉ ገና አዲስ ነበር። አባቴ ከደሴ ተዛውሮ በመጣበት መሥሪያ ቤት የበሩ ቀለም ሳይደርቅ ሥራ ተጀምሮ፣ ወንበር ያልደረሰው ኃላፊ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ደብዳቤ ሲፈርም አይቻለሁ። እኔ ስድስተኛ ክፍል ገባሁ። ሐዋ ከመንጌ ወረዳ መጥታ አክስቷ ቤት እየኖረች የምትማር፣ አፏን በበርታኛ የፈታች፣ በአማርኛ ሴቱንና ወንዱን የምታቀያይር፣ ግን ማናችንም የማንጠይቀውን የምትጠይቅ ልጅ ነበረች።

ከጎጃም የመጣው የጂኦግራፊ መምህራችን፣ ቲቸር አያሌው፣ አንድ ቀን ስለ ኢንዶኔዥያ እሳተ ገሞራዎች ሲያስተምረን ተራራው ከመፈንዳቱ በፊት ምድር ታጉረመርማለች፣ ወፎች ይሸሻሉ፣ ከስንጥቁም ትኩስ አየር ይወጣል አለን። ሐዋ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ እኛ አገርም መሬት ይናገራል። እናቴ ጉድጓድ ውስጥ ሰምቷል።»

ክፍሉ ሳቀ። ቲቸር አልሳቀም። «እዚህ እሳተ ገሞራ የለም ሐዋ፤ አይዞሽ» አላት። እሷ ግን ሦስቱን ምልክቶች ከደብተሯ ላይ ደጋግማ ስታነብ ዋለች።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት አባቴ ለሥራ ወደ መንጌ ሲሄድ ሁለታችንንም ይዞን ሄደ። በማግሥቱ ጠዋት ሐዋ እናቷ ወርቅ ወደምታወጣበት ሜዳ ወሰደችኝ። ሴቶቹ አንድ ሰው ብቻ በሚያስገቡ ጠባብ ጉድጓዶች እየወረዱ፣ ሥር ለሥር እየቦረቦሩ አፈሩን አውጥተው ወንዝ ዳር በእንጨት ገበታ ያጥቡታል። በዙሪያው ያለው ሣር ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ አንድም ወፍ አይሰማም። ሐዋ በደረቷ ተኝታ ጆሮዋን መሬቱ ላይ አደረገች፤ እኔም ተኛሁ። መጀመሪያ የራሴን የልብ ትርታ ሰማሁ፤ ከዚያ ከታች፣ ተደብቆ ጥርሱን የሚያፋጭ ሰው ያለ የሚመስል ድምፅ መጣ። ቆመ። ደግሞ መጣ፤ አሁን ቀረብ ብሎ።

ሐዋ ሮጣ ሄዳ እናቷን እንዳትወርድ ለመነቻት፤ እናቷ ገፋ አድርጋት አንድ እግሯን ወደ ጉድጓዱ ሰደደች። ያኔ ሐዋ ሴቶቹ የወርቅ ብናኝ የሚያጠራቅሙባትን ትንሽ ከረጢት ከተሰቀለችበት ችካል ነጥቃ፣ በበርታኛ እየጮኸች ወደ ወንዙ በረረች። የጮኸችውን ትርጉም ያወቅሁት ኋላ ነው፤ «ወርቃችሁን ሰረቅሁ» ነበር ያለችው። ሴቶቹ ከየጉድጓዱ እየወጡ እየተራገሙ ተከተሏት፣ እኔም ከኋላቸው። እናቷ ወንዙ አፋፍ ላይ ደርሳባት በጥፊ መታቻት፤ ልትደግማት እጇን እንዳነሣች ከኋላችን ለስለስ ያለ፣ አቧራ አቧራ የሚል ሙቅ አየር ማጅራታችንን ነካን። ዞር ስንል ሜዳው መሐሉ ሰርጎ ቁጭ ብሏል። ፍንዳታ የለ፣ ጩኸት የለ፤ ጉድጓዶቹ ብቻ የሉም።

ከዚያ አንዲት አሮጊት ቀስ ብለው ቀርበው የሐዋን ጆሮ በጣታቸው ዳሰሱ። እኔን ከመሬቱ ድምፅ ይልቅ ያስፈራኝ ይህ ነበር።

ትምህርት ሲከፈት ሐዋ አልመጣችም። ቲቸር አያሌው በጭነት መኪና መንጌ ድረስ ሄዶ ብቻውን ተመለሰ። እናቷ «ልጁን ከወሰድክ ጉድጓድ ማን ይሰማል?» እንዳለችው ሲነግረን ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ነበር።

እኔ ስለ መሬት ተምሬ ተመርቄበታለሁ። ያን ቀን ከሥራችን እሳት እንዳልነበረ፣ የተቦረቦረ አፈር ቀስ በቀስ እየተናደ እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። ከደብተሯ ላይ ያለውን የሩቅ አገር ነገር ወስዳ የራሷን መሬት የጠየቀችበት ግን ሐዋ ነበረች፤ እሷ ስድስተኛ ክፍልን አልጨረሰችም።

አባቴ ዳግመኛ ሲዛወር ልሰናበታት ሄድኩ። አዲስ ሜዳ ላይ በደረቷ ተኝታለች፤ ሴቶቹ ገበታቸውን እንደታቀፉ ዙሪያዋን ቆመው ይጠብቃሉ። ስሟን ጠራሁ። ራሷን ሳታነሣ መዳፏን ዘርግታ ዝም እንድል ምልክት ሰጠችኝ። የአባቴ መኪና ጥሩምባ እስኪጠራኝ ቆምኩ። አልተነሣችም።