ነፋስ የጠራሁ ቀን

ገዳሪፍ እህል ገበያ ሰሊጥ ለማንፈስ የገባሁ ዕለት ፊቴን እስከ ዓይኔ ሸፍኜ ነበር። የረሃቡ ጊዜ ነው። ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ ታደለ ጋር በመተማ በኩል ሱዳን ተሰደን መጣን፤ እሱ መጠለያው ውስጥ በወባ ወደቀ። ሠርቶ የሚያበላን ሌላ ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ ጎንደር ሳለሁ ከአባቴ ግቢ ያለ አጃቢ ወጥቼ፣ ውኃ እንኳ ቀድቼ የማላውቅ ሴት ነኝ። ያገሬ ሰው ካየኝ መሬት ተከፍታ ትዋጠኝ እል ነበር።

የአንፋሽ ሴቶቹ አለቃ እትዬ ዘነቡ እጄን ገልብጠው አዩና ሳቁ።

«በሞትሁት! ይኼ እጅ ቂጣ ጠፍጥፎ ያውቃል?»

«አያውቅም» አልሁ። ከዕፍረቴ ብዛት መሸፈኛዬን ወደ ዓይኔ ሳብሁት።

ሥራው ደረጃ አለው። ጀማሪ ጠጠር ትለቅማለች። እጇ ሲፈታ ወንፊት ይሰጣታል። ሰፌድ ይዛ የምታነፍሰው የበሰለችዋ ናት፤ ሰሊጡን ከራሷ በላይ አንሥታ ቀስ እያለች ታፈሰዋለች፣ ነፋሱ ገለባውን ይወስዳል፣ ፍሬው ሸራው ላይ ይወርዳል። መኸሩ ሳያልቅ ሰፌድ ያዝሁ።

አንድ ቀን ነፋሱ ቀጥ አለ። የጭነት መኪናው ቆሞ ይጠብቃል። የሰሊጡ ነጋዴ ወኪል፣ ሐጂ የምንለው ሱዳናዊ፣ ተቆጣ።

«ማፊ ሀዋ፣ ማፊ ሹጉል! ነፋስ ከሌለ ሥራ የለም። ኸላስ፣ በቃ፣ ከነገ ጀምሮ በማሽን ነው፤ እናንተ አትምጡ።»

እትዬ ዘነቡ ሰፌዳቸውን ጥለው መሬት ተቀመጡ። እኔ የታየኝ ባዶ እጄን ወደ ታመመው ወንድሜ ስመለስ ነው።

ከአባቴ ግቢ ጀርባ አውድማ ነበር። ገበሬዎቹ ነፋስ ለመጥራት ሲያፏጩ እየሰማሁ፣ ጓዳ ተደብቄ ፉጨት ተምሬ ነበር። እናቴ ሰምታ «የጨዋ ልጅ ታፏጫለች? አንቺ ባለጌ!» ብላ ጆሮዬን ከቆነጠጠችኝ ወዲህ ሞክሬው አላውቅም ነበር።

ፊቴን ገለጥሁና አፏጨሁ። ተሸካሚዎቹ ዞሩ፤ አንዱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ፊቴ ነደደ። ደግሜ አፏጨሁ። የሸራው ጫፍ ተነሣ። ከዚያማ፣ እመኑ አትመኑ፣ ነፋሱ መጥቶ ሸራውን ከነጆንያው ሊወስደው ደረሰ።

«እሰይ የኔ ልጅ! ተነሡ፣ አንፍሱ!» እትዬ ዘነቡ ጮኹ።

ሐጂ «ቢስሚላህ» እያለ ወደ ኋላ ሸሸ። መኪናው ሳይመሽ ጭኖ ሄደ፤ የማሽኑም ነገር በዚያው ቀረ።

ወሬው ቀድሞኝ መጠለያው ደረሰ።

«ወንድ በሞላበት ገበያ አፏጨሽ አሉ» አለኝ ጋሼ ታደለ። «የአባታችንን ስም አፈር ድሜ አስበላሽው። ነገ ከዚህ ንቅንቅ አትዪም።»

«እውነትህን ነው ጋሼ፣ አፍሬያለሁ። ነገ ግን እሄዳለሁ።»

ከቤታችን ወንድ ፊት እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነው፤ ያልሁትም እንባዬ እየወረደ ነው። ያመጣሁትን ኪስራ፣ የሱዳኖቹን የማሽላ እንጀራ፣ አጠገቡ አኖርሁ። ፊቱን ወደዚያ አዙሮ በላ።

ኋላ እኔም የሴቶቹ አለቃ ሆንሁ። ፉጨቱ አንዳንዴ ነፋስ ያመጣል፣ አንዳንዴ አያመጣም። ሐፍረቱ ግን ቀርቶ አያውቅም፤ ዛሬም ሳፏጭ ፊቴ ይነድዳል። አዲስ ለምትገቡ ልጆች የምነግራችሁ፣ ሐፍረቱ እስኪለቃችሁ አትጠብቁ። እያፈሩም ይሠራል።