ለባንክ የታጨች ክፍል

ብቸና ውስጥ ስንት ሱቅ ባዶውን ተዘግቶ እንደሚውል የሚያውቅ ሰው ቢኖር እኔ ስጦታው ነኝ፤ ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚሁ ነው። ሞጣ ተወልጄ፣ ኢኮኖሚክስ ተምሬ፣ ብቸና መጥቼ አግብቼ፣ አሁን ክላሴር ይዤ የተዘጋ በር እቆጥራለሁ። ለእናቴ ሥራዬን ባስረዳት፣ "ታዲያ የተከፈተውን ማን ይቆጥረዋል?" አለችኝ።

ቆጠራው በአምስት ቀን ያልቃል የተባለው ሦስት ሳምንት ፈጀ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ጨዋታ እወዳለሁ። አንድ የተዘጋ ሱቅ ልመዘግብ ሄጄ የባለቤቱን የጉልበት ሕመም፣ የልጁን ፍቺ፣ ከጎረቤቱ ጋር ያለውን የድንበር ክስ ሰምቼ እመለሳለሁ፤ ቢሮ ስደርስ የሱቁን ስፋት ሳልጠይቅ መምጣቴ ትዝ ይለኛል። ብቻ እንደምንም አለቀ፦ አርባ አንድ ባዶ ሱቅ። ቀጥሎ ከአለቃዬ የመጣው ትእዛዝ "ተከራይ እያስገባህ ቀንስ" የሚል ነበር።

የመጀመሪያዋ ባለጉዳዬ ልብስ ሰፊዋ ፈንታነሽ ናት። ስምንት ዓመት በአስፋልቱ ዳር ባለ አሮጌ ቤት በረንዳ ላይ ስትሰፋ ኖራ፣ መንገዱ ሊሰፋ ነውና በረንዳው በስምንት ቀን ውስጥ ይፈርሳል ተባለች። ጊዜው ደግሞ ነሐሴ ነው፤ የዓመት እንጀራዋ የሚገኝበት የተማሪዎች ደንብ ልብስ ወቅት። የሁለት ትምህርት ቤት ጨርቅ ተረክባለች።

"ጋሽ ስጦታው፣ በዚህ ዝናብ ሜዳ ላይ አልሰፋ! ክፍል ካጣሁ ጨርቁን መልሼ ሞጣ እህቴ ዘንድ መግባቴ ነው።"

"እኔ አርባ አንድ ሱቅ ይዤ?" አልኳት፣ ክላሴሬን መታ መታ እያደረግሁ። ሱቆቹ የአባቴ ርስት ይመስሉ ነበር።

መጀመሪያ አቶ ያየህ ዘንድ ወሰድኳት። አዲሱ ፎቃቸው ሥር አራት ሱቅ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ቆሟል።

"ለባንክ ነው የያዝኩት" አሉ።

"የትኛው ባንክ ጠየቀዎት?"

"ይጠይቃላ!"

"እስኪጠይቅ ድረስ እንኳ ለእሷ..."

"አንተ ልጅ፣ ባንክ ሲገባ የዓመታት ኪራይ ባንዴ ይከፍላል፣ ሴራሚክ ያነጥፋል፣ ዘበኛ ያቆማል። እኔ በስተርጅና የእሷን ክር ልልቀም?"

ቀጣዩም ለባንክ ነው። ከዚያ የሚቀጥለውም። በሦስት ቀን አሥራ ዘጠኝ በር አንኳኳን። ፈንታነሽ ጫማዋን ከጭቃ እየነቀለች፣ "ይሄ ሁሉ ባንክ ቢመጣ ብር የሚያስገባለት ማን ነው?" አለች። እኔም ስለ ኅብረተሰባችን የግንዛቤ ችግር ሰፊ ማብራሪያ ሰጠኋት። ምስኪን፣ መንገዱን ሙሉ አዳመጠችኝ።

በአራተኛው ቀን የባለቤቴን የእፀገነትን ቀሚስ ልታደርስ ቤታችን መጣች። ቤታችን መንገድ ዳር ነው፤ ከፊቱ የብረት በር ያላት አንዲት ክፍል አለች። ፈንታነሽ በበሩ ክፍተት አጮልቃ አየች።

"እትዬ፣ ይህችስ ምንድን ናት?"

"ባንክ ናታ" አለች እፀገነት ፈገግ እንኳ ሳትል። "ዶሮዎቹ ገንዘብ ተቀባዮች ናቸው። ያቺ ቀይዋ ሥራ አስኪያጅ።"

ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ነው። ከአቶ ያየህም ቀድሜ ባንክ መጠበቅ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ስቆጥር "እድሳት ላይ ናት" ብዬ ለራሴ አስረድቼ አለፍኳት፤ ከአርባ አንዱ ውስጥ የለችም። እድሳቱ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ነበር፤ እሱም ደርቆ ድንጋይ ሆኖ ሥራ አስኪያጇ ትተኛበታለች።

ፈንታነሽ ዞራ አየችኝ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

"ጋሼ፣ ያን ሁሉ ስንዞር እግርዎን አላመመዎትም?"

"እንግዲህ... እስከ ጥቅምት ብንታገሥ፣ ምናልባት ባንኩ..." አልኩ። አዎ፣ ያኔም ይህን አልኩ። እፀገነት የፈንታነሽን ጥላ አንስታ ሰጠቻት። ፈንታነሽም "ደህና ዋሉ" ብላ ወደ ዝናቡ ወጣች። አካሄዷ ጨርቁን ልትመልስ እንደሆነ ያስታውቃል። ከአጥር ውጭ ስትደርስ ያ ሁሉ ንግግሬ ጆሮዬ ላይ ጮኸብኝ።

"ነይ እስቲ!" ብዬ ተጣራሁ።

ቁልፉን ለባንኩ ሰው እንዲመች ሁልጊዜ ከኪሴ አለየውም ነበር። ጓጉንቸሩ ግን ዝጎ አልከፈት አለ፤ በመዶሻ ሰበርነው። ሥራ አስኪያጇ እየጮኸች ወጣች።

ዛሬ ልጆች ለልኬት ተሰልፈው በራችንን ዘግተውታል፤ ክሩን የምለቅመው እኔ ነኝ። አለቃዬ አዲሱን ሪፖርት ሳቀርብለት መነጽሩን አወለቀ።

"ስንት ቀነስክ?"

"አንድ።"

"ባለፈው አርባ አንድ፣ አሁንም አርባ አንድ። ያቺ አንዷ የታለች?"

ነገርኩት። መነጽሩን መልሶ አደረገና፣ "በል አርባ ሁለት ብለህ አስተካክልና ከዚያ ቀንስ" አለኝ።

አስተካከልኩ። ግን አልዋሽም፤ እስካሁን ከሞጣ ከሚመጣው ሚኒባስ ከረባት ያሰረ ሰው ሲወርድ ዓይኔ ይከተለዋል። ፈንታነሽ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ታየኛለች።

"ጋሼ፣ መጣ እንዴ?"

"የለም፣ አስተማሪ ነው።"

"እንግዲያው ይግባ፣ ሱሪው አጥሮታል።"