መርዶ ያልደረሰው ሐዘንተኛ

ባምላኩን የማንኩሳና የጅጋ ገበሬ ሁሉ የሚያውቀው በጨዋነቱ ነው። ሥራው ላም ማዳቀል ነው። የኮርማ ዘር የያዘውን ቀዝቃዛ ዕቃ ከሞተር ሳይክሉ ኋላ አስሮ ከፍኖተ ሰላም ይነሳል፤ ላሟ ያለችበት ደጅ ይደርሳል፤ ሥራውን ሠርቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ለላሟ አንድ ሁለት ቃል ሹክ ብሎ ይሄዳል። «ግባ እንጅ፣ እህል ቅመስ» ሲሉት «ጾም ነኝ» ይላል። ማክሰኞም ቢሆን ጾም ነው፣ ቅዳሜም ቢሆን ጾም ነው። የአገራችን ሰው ደግሞ ጾመኛን ለምን ብሎ አይጠይቅም። «የስዕለት ጾም ይዞ ይሆናል፣ የተባረከ ልጅ» ብሎ መርቆ ይሸኘዋል።

እውነቱ ሌላ ነው። አራት ሰው የተቀመጠበት ቤት ሲገባ እጁ በላብ ይርሳል። ጉሮሮው ይዘጋል። ሲያኝክ ሁሉም መንጋጋውን የሚቆጥሩት ይመስለዋል። አንገቱን ቢደፋ ትሕትና አሉለት፤ ዝም ቢል ዐዋቂነት አሉለት። አንዳንድ ክረምት ደግሞ ምንም ሳይሆን ዓለም ታስጠላዋለች። ፍኖተ ሰላም በተከራያት ክፍል ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ሳምንት ይተኛል፤ ለመሥሪያ ቤቱ «ወባ ነው» ብሎ ይደውላል። ፍኖተ ሰላም ላይ ወባ ብሎ የተኛን ማን ይመረምራል? የእናቱ ወንድም፣ አጎቱ ክንዱ ብቻ አልፎ አልፎ ትክ ብሎ ያየውና «አንገት ደፊ አገር አጥፊ! ይሄ ልጅ ከሰው ይልቅ ከላም ይግባባል» እያለ ይስቅ ነበር። ላም መንካት ያስተማረው እሱ ነውና ቢቀልድም ያምርበታል።

ታዲያ መሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው ለሁለት ወር ሥልጠና ወደ ህንድ ላክ ሲባል ማንን መረጠ? «ትሑት ነው፣ አገር አያሰድብም» ተብሎ ባምላኩ ተመረጠ። አልሄድም ለማለት ስብሰባ ላይ ተነስቶ መናገር ያስፈልጋል። ባምላኩ ከዚያ መሞት ይቀለዋል። ዝም አለ። ዝምታው እሺ ተብሎ ተጻፈ፤ ተጨበጨበለት፤ ሄደ።

ህንድ ላይ ጾም አልያዘለትም። የሥልጠናው ቦታ የምግብ አዳራሽ ሁለት መቶ ሰው ይይዛል። ባምላኩ በሩ ላይ ይቆምና የተቀመጠውን ሰው ቆጥሮ ይመለሳል። ብስኩትና ሙዝ ገዝቶ አልጋው ላይ ይበላል። መምህሩ ሲጠይቀው የለመዳትን መለሰ። ሰውዬው እጅ ነስቶ አለፈ፤ ግን በሁለተኛው ሳምንት መጣና «ይህ ጾማችሁ የሚፈታው መቼ ነው?» አለው። ባምላኩ ደብተሩን ገልጦ የሚጽፍ መሰለ። በማግስቱ ስለ አገሩ ከብት ለዐሥር ደቂቃ እንዲናገር ተራው ደረሰ። ከየአገሩ የመጣ ሠላሳ ሰው ፊት ቆመ፤ አፉን ከፈተ፤ ድምፅ የለም። ወንበር ያንቀጫቀጨ ሰው አለ። አንዷ ውሃ ሰጠችው። ውሃውን ይዞ ወጣ፣ ክፍሉ ገባ፣ ተኛ። አራት ቀን አልተነሳም።

«ወባ ነው» አላቸው። እነሱ ደግሞ የፍኖተ ሰላም ሰው አይደሉ፤ ደሙን ወሰዱና መረመሩት። ደሙ ንጹሕ ነው። አንዲት ሸምገል ያለች ሐኪም አጠገቡ ተቀመጠችና ስለ እንቅልፉ፣ ስለ ምግቡ፣ ሰው ሲያይ ስለሚሰማው ጠየቀችው። ሞትን ተመኝተህ ታውቃለህ ስትለው መስኮት መስኮቱን አየ። ሕመሙን በእንግሊዝኛ ስትነግረው ከሬዲዮ የሰማው ቃል ትዝ አለው፤ ድባቴ። የከተሜ ቅምጥል በሽታ ይመስለው ነበር። የሚዋጥ ክኒን ሰጠችው፤ አገርህ ስትገባ ሐኪም ዘንድ ሂድ ብላ ወረቀት ጻፈችለት። ልመለስ ብሎ ለመነ። በዐሥራ ዘጠነኛው ቀን አውሮፕላን ላይ ነበር።

መንገዱን ሁሉ የሚያብሰለስለው አንድ ነገር ነው። ይሄ ሕመም ከሆነ ጨዋነቱ የቱ ነው? ሰው የወደደለት ሕመሙን ነው? ሕመሙ ቢነሳለት የሚቀረው ባምላኩ ምን ዓይነት ሰው ነው? ግራ ገባው። ከአዲስ አበባ የተሳፈረበት አውቶቡስ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ መውረድ ነበረበት፤ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ቁጭ አለ። ማንኩሳ ላይ ወደ እናቱ ቤት የሚወስደውን መንገድ በመስኮት አየውና ልቡ ቅልጥ አለ፤ አልወረደም። ቡሬ ላይ፣ የሚያውቀው ሰው በሌለበት፣ ወረደና አልጋ ያዘ።

አራት ቀን ቡሬ ተደበቀ። በጧት ወጥቶ ዳቦ ይገዛል፣ ይመለሳል፣ ለእናቱ ለአደይ የሚነግራትን ይለማመዳል። «ትምህርቱ ባጭር አለቀ።» አይ፣ ለመሥሪያ ቤቱስ ምን ይላል? «ታምሜ ነው።» ምን? «አባረሩኝ።» ይሄስ ከእውነቱ ይሻላል። ለእናቱ እውነቱን መንገር ይፈልጋል፤ ሌላ ሰው የለውም። ግን አገር ሙሉ ጨብጭቦ የሸኘው ሰው በዐሥራ ዘጠኝ ቀኑ «ሰው ፈርቼ መጣሁ» ብሎ እንዴት ይናገራል? እንዲህ ያለ ቃል በአማርኛም ያለ አይመስለው።

በአራተኛው ቀን ገበያ ነበር። ሙዝ ሊገዛ ሲደራደር ቀና ቢል የእናቱ ጎረቤት እትዬ ንግሥቴ በርበሬዋን አስቀምጣ ፈዝዛ ታየዋለች። «እንዴት ሰነበታችሁ» ሊል ሁለት እርምጃ ቀረባት። እሷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ዞረች፣ በርበሬዋን ለጎኗ ሴት ጥላ በሰው መሀል ጠፋች።

ባምላኩ ውርደቱ አገር ያዳረሰ መሰለው። «እሷ እንኳ ልታየኝ ተጸየፈች» አለ። አንዲት ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

እሱ ያላወቀውን እኛ እንወቀው። ባምላኩ በሄደ በስምንተኛው ቀን አጎቱ ክንዱ ሁለት ቀን ሆዱን ታሞ ሞቷል። ዘመድ ተሰብስቦ በማርያም ተማማለ፤ ልጁ በሰው አገር ብቻውን መርዶ አይሰማ፤ ትምህርቱን ሲጨርስ፣ ወገን ባለበት፣ በሥርዓቱ ይረዳል ተባለ። መርዶ ገበያ ላይ አይነገርም። «ሰዉ ደኅና ነው?» ብሎ ከጠየቀ መዋሸትም ነውር ነው፣ መናገርም ነውር ነው። ንግሥቴ የሸሸችው ለዚህ ነው። ደግሞም ፊቱ ከስሎ፣ ጺሙ አድጎ፣ ከባሕር ማዶ ሳይታሰብ ተመልሶ ስታየው፣ የሰማ መሰላት። እንዲያ ባይሆን ምን ያመጣዋል? በመጀመሪያው መኪና ማንኩሳ ገብታ «ልጁ ተረድቷል፤ ቡሬ ላይ ብቻውን እህህ ሲል አየሁት» አለች። ለቅሶው እንደ አዲስ ተሰናዳ።

ባምላኩም በማግስቱ፣ ከታየሁ ወዲያ ምን እደበቃለሁ ብሎ ተነሳ። ማንኩሳ ላይ ወርዶ ባለ ጎማ ሻንጣውን ጭቃው ስላላስኬደው ትከሻው ላይ ጭኖ አቀበቱን ያዘው። «እማ፣ ሰው እፈራለሁ» የምትለውን ቃል በየእርምጃው ይደግማታል። የእናቱ አጥር ጋ ሲደርስ ደጁ በሰው ጥቁር ብሏል። ሊመለስ ዞረ። ያን ጊዜ አንዲት ሴት «ወዬው፣ መጣልሽ!» ብላ ጮኸች፤ ደጁ ሁሉ በእንባ ተነሳ።

ሰው ከበበው። ሻንጣውን አንዱ ወሰደው፣ ሌላው ትከሻውን ያዘው። «እግዜር ያጥናህ፣ እግዜር ያጥናህ።» ደረት የሚመታ አለ። አንዲት ባልቴት ከሴቶቹ መሀል ወጥታ ሙሾ አወረደች፤

«ማን ነገረው ብዬ ለባሕር ማዶው ሰው፣
ልቡ ነው መሰለኝ ቀድሞ የሚያለቅሰው።»

ባምላኩ የሞተ ሰው እንዳለ ገባው። ማን? እናቱን ፈለገ፤ አደይ ማቅ ለብሳ ወደሱ ስትንደረደር አያት። እሷ አለች! አንገቷ ላይ ወደቀ፣ ከዚያ ወዲያ የሆነውን እሱም አያውቀው። የሆነ ነገር ከሆዱ ተፈነቀለ። በሰው ፊት ነፍርቆ የማያውቅ ሰው፣ ሃምሳ ሰው ፊት መሬት ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ። አዳራሹን፣ ውሃ የሰጠችውን ሴት፣ ክረምቱን ሁሉ አለቀሰው። ማንም ምን ሆንህ አላለውም። «ተዉት፣ ይውጣለት» አሉ። እንዲህ ያለ እፎይታ በዕድሜው አያውቅም፤ ይህን ሲያስብ ደግሞ ራሱን ተጸየፈው።

ቤት አስገብተው ሲያስቀምጡት እንባው ደርቆ ነበር። አሁን ማን እንደሞተ መጠየቅ አለበት። ግን እንዴት ብሎ? ግማሽ ቀን ሙሉ ያለቀሰ ሰው «ለመሆኑ ማን ነው የሞተው?» ይላል? በዓይኑ ሕያዋኑን ይቆጥር ጀመር። እናቱ አለች። እህቱ ሰብሊ ጥግ ይዛለች። ባሏም አለ። ክንዱን አላየውም፤ እሱ ግን ሠርግም ለቅሶም ሳይል ከብቶቹ ዘንድ የሚውል ሰው ነው። በዚያው ቅጽበት ደግሞ አንድ ክፉ ሐሳብ ሹክ አለው፤ ዝም በል። ለቅሶ ሰምቶ መጣ ይባላል። የሸሸ የሚልህ የለም። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ራስህም አትፈጥርም።

ቄስ ሃይለ ሚካኤል፣ የቤቱ የነፍስ አባት፣ ጸሎቱን አድርሰው ወደሱ ዞሩ። «ለመሆኑ ልጀ፣ በሰው አገር ማን ነው ያረዳህ?»

«ማን ይሆናል፣ አባቴ» አለች ንግሥቴ ቀድማ። «ባሕር ማዶ የሚደርስ ስልክ ያላት ሰብሊ አይደለች?»

«በማርያም! እኔ ትንፍሽ አላልሁም!» ሰብሊ ከተቀመጠችበት ብድግ አለች።

«የማርያምን ስም አትጥሪ!» አለች አደይ። «ከኛ ጋ ምለሽ ከኋላችን ደወልሽለት? ብቻውን ሰምቶ ገደል ቢገባብኝስ ኑሮ? እይው፣ ሰው መስሎ መጥቷል? ከዛሬ ጀምሮ የኔን ደጅ እንዳትረግጭ!»

ሰብሊ ወንድሟን አየችው። «አንተ ተናገር እንጅ! ደውየልህ ነበር?»

ያ ሁሉ ዓይን ባምላኩ ላይ ወደቀ። ጭንቅላቱን ቢነቀንቅ ይበቃ ነበር፤ ቢነቀንቅ ግን ታዲያ ማን ነገረህ ይሉታል። «ማንም አልነገረኝም» አለ፣ ለራሱ በሚመስል ድምፅ።

«ጮኽ በል ልጀ፣ ጆሮዬ ደክሟል» አሉ ቄሱ።

«ማንም አልነገረኝም!» አለ፣ እንደ ቁጣ። «ሰብሊ የለችበትም። ማን እንደሞተም አላውቅም!»

አንዱ አማተበ። አንዱ «አዙረውበታል፣ ጸበል ይወሰድ» አለ። አደይ ግን ከመደቡ ወርዳ ፊቱ ተንበረከከች። «ምኑን ነው ታዲያ እስካሁን ስታለቅስ የቆየኸው?»

«ራሴን ነው፣ እማ» አላት። «ሰው እፈራለሁ። መኖር ያስጠላኛል። ሸሽቸ ነው የመጣሁ።»

እናቱ ብዙ አየችው። ያየችውን እንጃ። ከዚያ ቀና ብላ ለቅሶ ቤት ተብሎ የማያውቅ ቃል ተናገረች፤ «ሰው ይውጣልኝ» አለች። ሰዉ የሰማው ትክክል አልመሰለውም። ንግሥቴ «ምነው አደይ፣ ሐዘንተኛ ይባረራል?» ስትል አደይ ደገመችው። «ውጡልኝ አልሁ! ወንድሜን ክንዱን ቀብሬዋለሁ፤ ለሱ የማደርግለት የለኝም። ይሄ ገና አልሞተም።»

ባምላኩ ያጎቱን ሞት የተረዳው በዚህ ዓይነት ነው። ክንዱን ሊያለቅሰው ፈለገ፤ እንባው አልቆበት ነበር። ቄሱ ሰብሊን አስከትለው ወጡ፣ ሌላውም እያጉረመረመ ተከተለ፤ ደጅ ላይ የሰው ድምፅ ይሰማል። አደይ በሩን ገርበብ አድርጋ ተመለሰች፣ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

ባምላኩ ከሰባት ዓመቱ ጀመረላት።