ማዞሪያዋ ላይ የነበረችው ጣቴ

ባለፈው እሑድ በልጅ ልጄ ሠርግ ላይ «ይመርቁ» ተብዬ ማይክራፎን ጨበጥኩ። ብረቱ ይቀዘቅዛል፤ ወንፊቱ ከእኔ በፊት የተናገሩትን ሁሉ ትንፋሽ ይዞ ጠጅና ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። «ውለዱ» ያልኩት ድንኳኑን ሞላ። «ክበዱ» ያልኩት ግን የት እንደገባ እንጃ። ሰዉ አፌን ያያል፣ እኔ ሰዉን አያለሁ። ዕቃውን የሚያዘው ወጣት ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣

«አባባ፣ ጮክ ይበሉ። ሳጥኑ በር አለው። ድምፅ ሲያንስ ይዘጋል፣ ከፍ ሲል ይከፈታል። እንዳያፏጭ ነው» አለኝ።

ሳቄ መጣ። ያ በር እኮ እኔ ነበርኩ!

በደርግ ጊዜ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። ጠጋኝ ስላችሁ አትሳቱ፤ ከፈታኋቸው ሬዲዮኖች ግማሾቹ እስከ ዛሬ አልተገጠሙም። ለቀበሌው የድምፅ ማጉያ ሲመጣ የሚነካው ጠፋና እኔን ያዙኝ። መያዝ ነው ቃሉ። እኩዮቼ ለውትድርና ሲታፈሱ፣ ከዝርዝሩ ላይ የእኔ ስም በዚያች ሳጥን ምክንያት ተሰረዘ። ከእኔ ስም ቀጥሎ የተጻፈው የጌሾ ሻጯ ልጅ ግን ሄደ። አንድ የጨርቅ ኳስ ተሻምተን ያደግን ልጅ ነው።

የቀበሌው ካድሬ የማጉያውን ጥሩምባ በገበያው ሜዳ ከእንግዶች ዳስ ላይ፣ አፉን ወደ መድረኩ አድርጌ እንድሰቅል አዘዘኝ።

«ጓድ፣ ድምፁ ወደ ማይክራፎኑ ይመለሳል፤ ያፏጫል» አልኩት።

«አብዮታዊ ድምፅ ወደ ኋላ አይመለስም!»

ተመለሰ። ማይክራፎን የራሱን ንግግር መልሶ ሲሰማ፣ ራሱን እንደሚያደንቅ ሰው ያንኑ እየደጋገመ እስኪጮህ ድረስ አያቆምም። በመጀመሪያው ቀን ፉጨቱ የገበያውን ሜዳ ሰነጠቀው፤ አንድ በቅሎ ጭነቱን ጥሎ በእብናት መንገድ ነጎደ። ካድሬው አንገቴን ይዞ፣

«ዳግመኛ ቢያፏጭ፣ አንተ ራስህ ማሠልጠኛ ገብተህ ታፏጫለህ!» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ እኔና የድምፅ ማዞሪያዋ አልተለያየንም። ከመድረኩ እግር ሥር ተቀምጬ፣ ሰው አፉን ሲከፍት እከፍታለሁ፣ ትንፋሽ ሲወስድ እዘጋለሁ። ሽንቴ ቢመጣ፣ ቁንጫ ቢበላኝ፣ ጣቴን ማንሳት የለም። ሳጥኑ የሚሠራበት የመኪና ባትሪ አሲድ አፍንጫዬን ያቃጥለዋል፤ የሳጥኑ ሙቀት ጉልበቴን ይጠብሰዋል፤ ከጉና የሚወርደው ንፋስ ጀርባዬን ያቆረፍደዋል። አንድ ጎኔ በጋ፣ አንድ ጎኔ ክረምት! ሰንሰለት የለ፣ ዘበኛ የለ፣ እኔ ግን ታስሬያለሁ። በማውራት ብዛት የማይደክመው ካድሬ ውኃ ሲጎነጭ እንኳ እዘጋ ነበር። ጉሮሮው ሲንቋቋ ሕዝቡ እንዳይሰማ ያዳንኩት እኔ ነኝ፤ አላመሰገነኝም።

አንድ የገበያ ቀን ከላይ እንግዶች መጡ። ልጆቻቸውን ለግንባር የሰጡ እናቶች ይናገሩ ተባለና ጌሾ ሻጯን መድረክ ላይ አወጧት። ስታልፈኝ ቀሚሷ ጌሾ፣ ጌሾ ሸተተኝ። የምትለውን አስጠንተዋታል። ድምጿ ዝግ ያለ ነው፤ በየቃሉ ታርፋለች። ለእንደኔ ዓይነቱ በረኛ የተመቸች ተናጋሪ ናት።

«ልጄን ለእናት አገር ሰጥቻለሁ።»

ከፈትኩ። ጥሩምባው አስተጋባው። ዘጋሁ። እሷ ተነፈሰች፣ ቀጠለችም፦

«እንዲህ በይ ብለውኝ ነው። አልሰጠሁም። ከበራፌ ጎትተው ወሰዱት። የት አደረሳችሁት?»

እኔ ከእግሯ ሥር ስለሆንኩ ሁሉንም ሰማሁ። ጣቴ ግን አልተነቃነቀችም። ፊት የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ንፋሱ የቀረውን ወሰደው። ከዳሱ ውስጥ «ድምፅ! ድምፅ!» ሲሉ፣ እሷ ደግማ «ልጄን» ስትል ከፈትኩ፣ ወዲያው ዘጋሁ። ሜዳው ላይ የቀረው «ልጄን ለእናት አገር ሰጥቻለሁ። ልጄን…» ብቻ ሆነ። እንግዶቹ አጨበጨቡ። ካድሬው ተነሥቶ፣

«አጭርና ቆራጥ ንግግር!» አለ።

ሴትዮዋ የራሷ ድምፅ ከጥሩምባው እንዳልተመለሰላት አውቃለች። ከመድረኩ ወርዳ አጠገቤ ቆመች።

«ቃሌን ምን አደረግኸው?»

«ሽቦው ላልቶ ነው፣ እማማ።»

ያየችው ግን ሽቦውን አይደለም፤ ጣቴን ነው።

ለዓመታት «ከእስር አዳንኋት» እያልኩ ለራሴ አወራሁ። ጥሩ ወሬ ነው፤ ጠላ ቤትም ያስወድዳል። ዳሩ ግን ያን ዕለት የታየኝ ማሠልጠኛው፣ ያቺ ፉጨት፣ የካድሬው እጅ አንገቴ ላይ… ማን ማንን እንዳዳነ ጣቴን ጠይቋት። ደርግ ወደቀ። እኔ ከማዞሪያዋ ተፈታሁ። ልጇ አልተመለሰም። ጌሾ ልገዛ ስሄድ ዋጋ ትነግረኛለች፣ ትሰፍርልኛለች፤ ሌላ ቃል አትሰጠኝም። መስጠቱንስ ብትሰጠኝ፣ የት አደርሰዋለሁ? አንድ ቀን መደቧ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ አገኘኋት። አልጠየቅኩም።

ይኸው አሁን በገዛ ልጅ ልጄ ሠርግ፣ ዝግ ያለው የሽማግሌ ድምፄ በሩን መክፈት አቅቶት ቆሜያለሁ።

«በሩን አንሳው» አልኩት ወጣቱን።

«ያፏጫል እኮ፣ አባባ!»

«ያፏጭ።»

ሙሽሮቹን በጌሾ ሻጯ ድምፅ ልክ፣ በየቃሉ እያረፍኩ መረቅኋቸው። «ልጆቻችሁን ከበራፋችሁ ማንም አይውሰድባችሁ» አልኩ።

አፏጨ። ሰዉ ጆሮውን ይዞ «አሜን» አለ።