በማርያም ዕለት ያልታጠቡት ከረጢቶች

የደሴት ወፎችን ቫይረስ አጠናለሁ ስል ሰው ሁሉ ጣና ዳር የምውል ይመስለዋል። የእኔ ደሴቶች ግን ላስታ ውስጥ ናቸው። ጅብራ በሚበቅልበት ውርጫም የተራራ አናት የሚኖሩ ትንንሽ ወፎች ወደ ቆላው አይወርዱም፤ ለእነሱ ሸለቆው ባሕር፣ ተራራው ደሴት ነው። ቫይረሱም ከወፎቹ ጋር እዚያው ታግዶ በየተራራው ለብቻው እየተለወጠ ይኖራል። ይህን ሁሉ ለአክስቴ ሳስረዳት በጥሞና ሰማችኝና፣ ለጎረቤቶቿ የዶሮ ሐኪም መሆኔን ነገረቻቸው።

ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ወፏን በስስ መረብ እይዛለሁ፣ እንዳትደነግጥ በጨርቅ ከረጢት አቆያታለሁ፣ ጉሮሮዋን በጥጥ ጠርጌ እለቃታለሁ፤ ናሙና የያዘውን ጥጥ ለምርመራ እልካለሁ። ከአንዱ ተራራ ወደ ሌላው ከመሻገሬ በፊት ከረጢቶቹን በበረኪና ዘፍዝፌ ማጠብ አለብኝ። ይህን ለተማሪዎቼ የምነግራቸው ጣቴን ቀስሬ ነው።

አንድ ጊዜ ከላሊበላ በላይ ካለው ተራራ ወርጄ ኩልመስክ አክስቴ ቤት አደርኩ። ጠዋት ከረጢቶቹን ልዘፈዝፍ ስል አክስቴ ሳፋውን ከእጄ ወሰደችው። ዕለቱ ማርያም ነበር። በማርያም ልብስ ማጠብ በእሷ ደጅ ታይቶ አያውቅም፤ መንደሩስ ምን ይላል? እኔም መንደሩን ፈራሁ። ማዶ ባለው ተራራ፣ በደብሩ መሬት ላይ መረብ እንድዘረጋ የፈቀዱልኝ ቄሱ ነበሩ፤ በዓል መሻሬን ቢሰሙ ፈቃዱ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ከረጢቶቹን ፀሐይ ላይ ደህና አድርጌ አራገፍኳቸውና ወደ ማዶው ተራራ ጉዞዬን ቀጠልኩ። ማራገፍ ለአቧራ እንጂ ለቫይረስ እንደማይበጅ አሳምሬ አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የተማርኩት ይህንኑ ነው።

ከወራት በኋላ ውጤቱ ሲመጣ የከረጢቱን ነገር ረስቼዋለሁ። የሁለቱ ተራራ ቫይረስ አንድ ሆኖ ተገኘ፤ ቅንጣት ልዩነት የለውም። ደስታው እንቅልፍ ነሳኝ። ቆላውን የሚያሻግረው አለ ማለት ነው። ጭልፊቱን ጠረጠርኩ፣ ነፋሱን ጠረጠርኩ፣ ተሳላሚውንና የነጋዴ በቅሎውን ሳይቀር ጠረጠርኩ። ግኝቴን ቆሜ ሳቀርብ የምለብሰውን ቀሚስ እንኳ መርጬ ነበር። ጽሑፌን ያነበቡት መምህሬ ግን የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከረጢቶቹን የት እንዳጠብኳቸው።

ቀሚሱ ወዲያው ከሐሳቤ ጠፋ። ከረጢቱ ናሙናዬን ብቻ አበላሽቶ ከሆነ፣ ማፈር ነው፣ ያልፋል። ቫይረሱ የማዶውን ተራራ ወፎች ይዟቸው ከሆነስ? የሌላውን ተራራ በሽታ አይተውት የማያውቁ ፍጥረቶች፣ ማንንም ሳይነኩ በተቀመጡበት፣ እኔ ላጥናቸው ብዬ ልፈጃቸው? በጣም ፈራሁ።

በረኪናዬን በጄሪካን ይዤ ወደ አክስቴ ተመለስኩ። በዓል አልነበረም፤ እጄ እስኪላጥ አጠብኩ። እያጠብኩም ጥፋቱን በበዓሉ ላላክክ ስል፣ አክስቴ ከሥራዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«አትጠቢ አልኩሽ እንጂ ሂጂ አልኩሽ?»

እውነትም አንድ ቀን ብቀመጥ ምን እሆን ነበር? ከረጢቱን መጭመቄን ቀጠልኩ።

ማዶው ተራራ ላይ ስደርስ ወፎቹ እንደ ወትሯቸው ይንጫጫሉ፤ መንጫጫት ግን ጤና ለመሆኑ ምስክር አይሆንም። አዲሱን ናሙና ልኬ ውጤቱን ስጠብቅ፣ የሳይንስ ሰው ነኝ ባይዋ ተሳልኩ፤ ወፎቹን ካተረፈችልኝ ለማርያም ጧፍ ላስገባ። ሁሉም ከመጀመሪያው ተራራ ቫይረስ ነጻ ናቸው የሚል መልስ መጣ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ወሩ ሃያ አንድ ሲል ጧፌን ይዤ እኒያው ቄስ ፊት ቀረብኩ። ስለቱ ስለ ማን እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለ ተራራው ወፎች ነው አልኳቸው።

«ታመው ነበር እንዴ ልጄ?»

«የለም አባቴ፣ እኔ ልመረምራቸው ሄጄ ነበር።»